ስለ ማኅበራችን አምፕሊፋየርና ስለ ሁለተኛው ስዊች



«አንድ አሮጌ የጊታር ማጉያ ይህን ያህል ምን ያነጋግራል?» የሚሉ በመካከላችን አይጠፉም። ነገሩ ግን ከሙዚቃው ባሻገር የገንዘብ ጉዳይም ነው። በየበዓሉ ለሁለት የምንሸከመው፣ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አራት ትልልቅና ስድስት ትንንሽ የመስተዋት ቫልቮች አሉት። ዛሬ እነዚህ ቫልቮች በብዛት የሚሠሩት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ብቻ ስለሆነ ዋጋቸው ቀላል አይደለም። ምትክ በገዛን ቁጥር የሚጎድለው ደግሞ አዲስ መጪ ተማሪዎችን የምንረዳበት ሣጥን ነው።

ከማጉያው ጀርባ ሁለት ስዊቾች አሉ። ዋናው ሲበራ የቫልቮቹ ክር በ6.3 ቮልት ይግላል። ስታንድባይ የሚባለው ሁለተኛው ሲከፈት ከ400 ቮልት በላይ የሆነው ኃይል ወደ ቫልቮቹ ይለቀቃል።

ብዙዎቻችን ስንሰማ የኖርነው «ቫልቭ ሳይሞቅ ከፍተኛው ቮልት ከደረሰው ካቶዱ ይላጣል» የሚለውን ነው። አባባሉ መሠረት አለው፤ ነገር ግን የሚመለከተው በሺህ በሚቆጠር ቮልት የሚሠሩትን የራዲዮ ማሠራጫ ቫልቮች ነው። በጊታር ማጉያ ቮልት ይህ የሚያሰጋ አይደለም። ቢሆንም አንድ ደቂቃ ማሞቅ የሚጎዳው ነገር የለም።

ይልቅስ ሊታረም የሚገባው ሌላ ልማድ አለ። ንግግሩና ምሳው ሁለት ሰዓት ሲወስድ ማጉያው በስታንድባይ ይቆያል። ክሩ እየጋለ ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ቫልቭ በካቶዱ ውስጥ የኤሌክትሪክን መንገድ የሚያግድ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ኃይሉም ይደክማል። ይህ በአንድ ምሽት አይታይም፤ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ደንብ አድርገን እንድንይዝ እናሳስባለን። ዕረፍቱ ሩብ ሰዓት ከሆነ ስታንድባይ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ዋናው ስዊች ይጥፋ። ስፒከሩ ሳይገጠም ፈጽሞ አይብራ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላልና። ማጉያችን የተሠራው ለአሜሪካ 120 ቮልት ስለሆነ፣ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር እዚህ 220 ቮልት ላይ አይሰካ። ከጭፈራው በኋላ ቫልቮቹ ሳይቀዘቅዙ ደረጃ ለደረጃ አናንገላታው።

ከሁሉ በላይ፣ ከሶኬት ተነቅሏል ብሎ ማንም ውስጡን አይንካ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ቫልቭ በገንዘብ ይተካል፤ የወገን ሕይወት ግን አይተካም።

«ሸጠን ባለ ትራንዚስተር እንግዛ» የሚል ሐሳብም ቀርቧል። መብት ነው፤ በጉባኤ እንወያይበት። እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ያለንን በእንክብካቤ እንያዝ።