ሊንኩ ለሁለት ሰው ሲላክ

የምሠራው በግሌ ነው፤ አለቃም የአይቲ ክፍልም የለኝም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአንድ የምርመራ ዘገባ የሰበሰብነውን ሁሉ የምናስቀምጠው በተከራየነው ሰርቨር ላይ፣ የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ጊትላብ ነበር። ከሰነዶቹ መሀል ስማችሁ አይወጣም ብለን ቃል የገባንላቸው ሰዎች ስም አለ።

ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጊትላብ ራሱ አንድ ክፍተት ይፋ አደረገ፤ ክብደቱ ከ10 ሙሉ 10። ነገሩ ያስደነግጣል። "የይለፍ ቃሌን ረሳሁ" የሚለው ቦታ ላይ ሰርጎ ገቡ ከባለቤቱ ኢሜይል ጎን የራሱን ጨምሮ ይልካል፤ መቀየሪያው ሊንክ ለሁለቱም ይደርሳል። ባለቤቱ ምንም ሳይነካ አካውንቱ ተወሰደ ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ከስሪት 16.1 ጀምሮ ነው፤ ማስተካከያው በዚያው ቀን ወጥቷል።

እኔ ዜናውን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ሰርቨራችንን ስከፍት 16.4.1 ይላል። እኔ እነሱን፣ እነሱ እኔን ስንጠብቅ ወራት አልፈዋል።

ያን ሌሊት ሎጉን መስመር በመስመር አየሁ፤ የገባ ሰው ምልክት አላገኘሁም። ያዳነን ግን ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሰው የይለፍ ቃሉ ቢቀየርበት እንኳ አካውንቱ አይወሰድበትም ነበር። እኔ አላበራሁትም።

እኛ ጋዜጠኞች "ምንጬን አልናገርም" ስንል ደረታችንን እንነፋለን። ምንጭ ግን በአፍ ብቻ አይወጣም፤ ባልታደሰ ሰርቨርም ይወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ አድሱ፣ ሁለተኛውን ቁልፍ አብሩ። እናንተን ያመነ ሰው አለ።