ገመድ ሲመረጥ

ታላቅ ወንድሜ የኬንያ ተራራን ሁለተኛ ጫፍ፣ 5,188 ሜትር ከፍታ ያለውን ኔሊዮንን ሊወጣ ሲዘጋጅ እናታችን የተጨነቀችው በገመዱ ነበር። «ልጄ፣ አንድ ወፍራም ብትገዛ አይሻልም?» አለችው።

እሱም ቁጭ ብሎ አስረዳት። የተራራ ገመድ ጠንካራ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ሲወድቅ እየተለጠጠ ኃይሉን ማብረድ አለበት። የማይለጠጥ ገመድ ቢይዘውም ሰውነቱን ይጎዳዋል። እንዲህ የሚለጠጡ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ከተያዙ ደግሞ አንዱ በስለታም ድንጋይ ቢቆረጥ ሌላው አለ። ለመውረድ አንድ የ60 ሜትር ገመድ ለሁለት ታጥፎ 30 ሜትር ብቻ ያደርሳል፤ ሁለቱ ሲቀጠሉ ግን እስከ 60 ያወርዳሉ።

«እንግዲያው ገመድ የሚመረጠው ለመመለስ ነው» ብላ መረቀችው።

እኔም ዘንድሮ ትምህርቴን ጨርሼ ከቤት ልርቅ ነው፤ መውጫዬን ሳስብ መመለሻዬንም አስባለሁ።