ክብደቱ የት ላይ ነው? ስለ ስሎውፒች ሶፍትቦል ዱላ ምርጫ

ስሎውፒች የሚባለው የሶፍትቦል ዓይነት ኳሱ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ተወርውሮ በአየር ላይ ቀስት ሠርቶ ወደ መቺው የሚወርድበት ጨዋታ ሲሆን፣ ኳሱ ይዞት የሚመጣው ፍጥነት አነስተኛ ስለሆነ ተመትቶ የሚወጣበትን ጉልበት ከሞላ ጎደል የሚያመነጨው መቺው ራሱ ነው። ስለዚህም የዱላው ምርጫ ከመቺው አቅም ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው።

ብዙ ገዢዎች አስቀድመው የሚመለከቱት በዱላው ላይ የተጻፈውን የአውንስ ቁጥር ነው። አንድ አውንስ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ 34 ኢንች የሆነው የስሎውፒች ዱላዎች በተለምዶ ከ25 እስከ 30 አውንስ ይመዝናሉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ዱላው የሚወነጨፍበትን ፍጥነት ይበልጥ የሚወስነው ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን፣ ክብደቱ ከእጀታው አንሥቶ እስከ ጫፉ የተከፋፈለበት ሁኔታ ነውና። የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ አካል እንዳይሽከረከር የሚያሳየውን እምቢታ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ይሉታል፤ መዶሻን በብረቱ በኩል ይዞ ማወዛወዝ በእጀታው ይዞ ከማወዛወዝ የሚቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኩል 27 አውንስ ከሚመዝኑ ሁለት ዱላዎች ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላው በኃይለኛ መቺ እጅ ኳሱን አርቆ ይሰዳል፤ አቅሙ መካከለኛ የሆነ ተጫዋች ግን ይህንኑ ዱላ ሲይዝ ውንጨፋው ይዘገይበታል፣ ኳሱንም በትክክለኛው የዱላው ክፍል ማግኘት ያቅተዋል። ለአብዛኛው ተጫዋች የሚበጀው ክብደቱ ወደ እጀታው ቀረብ ያለው ነው፤ ፍርዱም መሰጠት ያለበት በሱቅ ውስጥ ሳይሆን ክንድ ከደከመ በኋላ በሚደረግ ሙከራ ነው።

ከአሉሚኒየም የተሠራ ዱላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ አቅሙን ይሰጣል። የካርቦን ፋይበር ክሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩት ኮምፖዚት ዱላዎች ግን በተመቱ ቁጥር ግድግዳቸው እየላላ፣ ኳሱን ይበልጥ እያስፈነጠሩ ይሄዳሉ፤ በብርድ ሲመቱ ደግሞ ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ዱላው በማኅበር መፈቀዱን የሚያሳየው የማረጋገጫ ማኅተም ነው። የአሜሪካው የሶፍትቦል ማኅበር ዩኤስኤ ሶፍትቦል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመታ ኳስ በቤተ ሙከራ ምርመራ በሰዓት ከ98 ማይል፣ ማለትም ከ158 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ሌሎች ማኅበራት የየራሳቸው መለኪያ ስላላቸው በአንዱ ሊግ የተፈቀደ ዱላ በሌላው ሊከለከል ይችላል። ወሰኑ የተጫዋቾችን ደስታ ለመቀነስ የተበጀ አይደለም፤ ወርዋሪው የሚቆመው ከመቺው 15 ሜትር ያህል ርቆ ስለሆነ፣ በዚያ ፍጥነት የሚመጣበትን ኳስ ለመከላከል ግማሽ ሰከንድ እንኳ አያገኝም። ኳሱን ይበልጥ እንዲያስፈነጥር የዱላውን የውስጥ ግድግዳ ፍቆ ማሳሳት በጥብቅ ሊወገዝ የሚገባው ለዚህ ነው። ያገለገለ ኮምፖዚት ዱላም ማንም ሳይነካካው በአገልግሎት ብዛት ብቻ ከወሰኑ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የግድግዳውን ጥንካሬ በሚለካው መጭመቂያ መሣሪያ ማስፈተሽ ይኖርበታል።