መጥበሻው በማን ደሞዝ ይተካ?

ረጅም ነው፤ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት። (ቡናውን በቴፍሎን መጥበሻ እየቆላችሁት ከሆነ ግን መጀመሪያ አውርዱት። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።)

ሰሞኑን "የማይላጥ መጥበሻ የቱ ነው?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። የምትጠይቁኝ እኔ ስለማውቅ ሳይሆን እህቴ ስለምታውቅ ነው። እህቴ ቤሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የመጣች ናት። ስለ መጥበሻ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ነጋዴውን ተዉትና ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ጠይቁ። በቀን ሦስት ጊዜ እየጠበሰችበት፣ ሦስት ጊዜ እያጠበችው ኖራለች፤ የትኛው በስንት ወሩ እንደሚሞት ታውቃለች።

እሷ ደግሞ ትምህርቱን ያገኘችው በገንዘቧ ነው። በሄደች በመጀመሪያው ወር ማዳሟ አዲስ መጥበሻ ሰጠቻት። እናታችን ቤት የለመድነው ድስት በሽቦና በአመድ ፈትጎ ማብራት ነው፤ ካላብረቀረቀ ታጠበ አይባልም። ፈተገችው። ጥቁሩ ተነሳና ነጩ አሉሚኒየም ብቅ አለ። እንዴት እንደሚታጠብ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ከ150 ዶላር ደሞዟ ላይ ግን 40ው ተቆረጠ። ዛሬም ሱቅ ገብታ መጥበሻ ስታነሳ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ውስጡን በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች።

ይህን ሁሉ ያስወራኝ እኛ ኮንዶሚኒየም የሆነ ነገር ነው። ጎረቤቴ (ስሟን አልጠራም፣ ይህን ታነበዋለች) መጥበሻዋ ተላጠ። "በሽቦ ፈትጋብኝ ነው" ብላ ከሠራተኛዋ ደሞዝ ልትቆርጥ ወሰነች። ልጅቷ ደረጃው ላይ አግኝታኝ "እትዬ፣ ሽቦ እኮ ቤቱ ውስጥ የለም" አለችኝ። አላለቀሰችም፣ እንደዛ ብቻ አለችኝ። እኔም ወጣሁና መጥበሻውን አሳዪኝ አልኩ።

እዚህ ጋ ትንሽ ስለ ነገሩ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ቴፍሎን የተገኘው በአጋጣሚ ነው፣ በፈረንጆቹ 1938። ሮይ ፕላንኬት የሚባል አሜሪካዊ የዱፖንት ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመራመር አንዱ ሲሊንደር ጋዝ አልሰጥም አለ። ሲከፍቱት ውስጡ ሰም የመሰለ ነጭ ዱቄት ተገኘ። መጥበሻ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ማርክ ግሬጓር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃው ላይ ሲጠቀምበት ሚስቱ ኮሌት መጥበሻዬንም ቀባልኝ ብላ ገፋፋችው ይባላል። እኛ የማንኛውም መጥበሻ ስም ያደረግነው "ቴፋል" ከቴፍሎንና ከአሉሚኒየም ተቀጣጥሎ የወጣ የእነሱ ድርጅት ስም ነው።

ታዲያ ምንም የማይጣበቅበት ነገር አሉሚኒየሙ ላይ እንዴት ተጣበቀ? እውነቱን ለመናገር በደንብ አልተጣበቀም። አሉሚኒየሙ መጀመሪያ እንዲሻክር ይደረጋል፤ ከዚያ የሚይዝ ንብርብር ይቀባል፤ ቴፍሎኑ በዚያ ሻካራ ውስጥ ገብቶ ተንጠላጥሎ ነው የሚኖረው። ያ ሁሉ ንብርብር አንድ ላይ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፀጉር ዘለላ አይወፍርም። ስለዚህ "ዕድሜ ልክ" የሚል ቴፍሎን መጥበሻ የለም። እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ያልቃል። ጥያቄው በስንት ጊዜ ነው የሚለው ብቻ ነው።

የሚገድሉት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጭረትና ሙቀት። ጭረቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙቀቱን ነው ማንም የማይቆጥረው። ቴፍሎን እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይችላል። ከዚያ በላይ መጎዳት ይጀምራል፤ 350 ካለፈ መፈራረስና ጭስ ማውጣት ይጀምራል። ጭሱ ሰውን እንደ ጉንፋን አድርጎ ያተኩሳል፤ ቤት ውስጥ ወፍ የምታሳድጉ ካላችሁ ደግሞ ወፉን ይገድለዋል። ባዶ መጥበሻ ጠንካራ ምድጃ ላይ ጥዶ መርሳት እዚያ ለመድረስ ይበቃል፤ ደቂቃዎች ናቸው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የሽቦ ጉዳት መስመር መስመር ነው፤ እጅ የሄደበት አቅጣጫ ይታያል፣ ጎንና ጎኑም ላይ ይገኛል። የዚህኛው ጎኑ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ግን ቀለሙ ተቀይሯል፣ አብጧል፣ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ይላጣል፤ ቅርፁም ልክ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ጥቅልል የመሰለ ክብ። "ቡና በምንድነው የምትቆዪው?" አልኳት።

"በዚሁ ነዋ! ብረት ምጣዱን ማን ያጥበዋል?"

እሁድ እሁድ ነው የምትቆላው፣ ራሷ፣ እንግዳ ፊት። ቡና ሲቆላ ፍሬው ራሱ ከ200 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው መጥበሻ ደግሞ ከሱ ይበልጣል። ውሃ የለ፣ ዘይት የለ፣ የሚያበርደው ነገር የለም። ቆሎም ያው ነው። ለሽሮ አተር መቁላትም ያው። ይህን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዝም አለች። በወሩ መጨረሻ ልጅቷ ሙሉ ደሞዟን እንደተቀበለች ነገረችኝ።

ግን ልጅቷ በእውነት ፈትጋው ቢሆንስ? አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ያበላሸ አይከፍልም?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ አይከፍልም ባይ ነኝ። የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ እንደ ሳሙና፣ እንደ መጥረጊያ። መጥረጊያ አለቀ ብሎ ደሞዝ የሚቆርጥ ሰው እስካሁን አላየሁም። መጥበሻውን የገዛ ሰው አብሮ የእንጨት ማማሰያና ለስላሳ ስፖንጅ ይግዛ፤ አንድ ጊዜም ቆሞ ያሳይ። ሁለቱ ዕቃዎች ተደምረው የመጥበሻውን ክዳን አያክሉም።

አሁን ግዢው። ዋጋ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። እህቴ መጀመሪያ የምታየው ክብደቱን ነው። ሳህን የሚመስል ቀላል መጥበሻ ከግለቱ የተነሳ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ ዘይቱ ዳር ዳር ይሸሻል፣ መሃሉ ደረቅ ሆኖ ይቃጠላል። ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ከሆነ ሙቀቱን አስተካክሎ ያዳርሳል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ትጫነዋለች፤ ከተወዛወዘ ትመልሰዋለች። እጀታውን ትነቀንቃለች። በኢንዳክሽን ምድጃ የምትሠሩ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ታቹ ላይ ካልያዘ አይሠራላችሁም።

"ግራናይት ነው፣ ድንጋይ ነው" ሲሏችሁ አትደነቁ። አብዛኛው ነጠብጣብ ጣል ጣል የተደረገበት አሉሚኒየም ነው፤ ቅቡ ወይ ያው ቴፍሎን ነው ወይ ሴራሚክ። ሴራሚኩ ጥሩ ጎን አለው፤ ሲግል የቴፍሎኑን ጭስ አያወጣም። ግን አለመያዙ ቶሎ ይጠፋል፤ የእህቴ ቃል "ሙሽራ ሳለ ነው የሚያምረው" ነው። "ፒኤፍኦኤ ፍሪ" የሚለው ተለጣፊም አያታልላችሁ። ፒኤፍኦኤ ቴፍሎን ሲመረት በረዳትነት ይገባ የነበረ ኬሚካል ነው፤ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ትልልቆቹ አምራቾች እስከ 2015 ድረስ ትተውታል፣ በ2019ም በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ተለጣፊው መጥበሻው ቴፍሎን አይደለም ማለትም አይደለም፣ ጠንካራ ነው ማለትም አይደለም።

ቤት ከገባ በኋላ ነገሩ ትንሽ ነው። መካከለኛ እሳት፣ ባዶውን አለማጋል፣ ሹካ አለማስገባት። ከእሳት እንደወረደ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁበት፤ ያ "ሽሽሽ" የሚለው ድምፅ ደስ ይላል ግን መጥበሻውን ያጎብጠዋል፣ ቅቡንም ያላቅቀዋል። ስትደራርቡት በመሃል ጨርቅ ጣል አድርጉ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቂጣ ይበስልበት። ጥብስ ግን ተዉት። ጥብስ ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል፣ ይሄ ደግሞ ኃይለኛ እሳት አይወድም።

ለጥብሱም ለቡናውም ብረት ምጣድ። "ይይዛል" ትሉኛላችሁ። የሚይዘው ስላልተሟሸ ነው። እናቶቻችን የሸክላ ምጣድ ሲያሟሹ፣ ጎመን ዘር ፈጭተው በትነው በማሰሻ ሲያሹት ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል? የጎመን ዘሩ ዘይት ሲግል ይጠነክርና ጥቁር ለስላሳ ሽፋን ይሆናል፤ እንጀራው የማይዘው ለዚያ ነው። ብረት ላይም ልክ እንደዛው ይሠራል። አጥቦ ማድረቅ፣ በጣም ስስ አድርጎ ዘይት መቀባት፣ ጭስ እስኪያወጣ ማጋል፣ ማቀዝቀዝ፣ መድገም። ልዩነቱ ይሄኛው ቢላጥ እቤት እንደገና ይሟሻል፤ ሱቅ አይኬድም፣ ከማንም ደሞዝም አይቆረጥም።

እህቴ ቡና የምትቆላበት ብረት ምጣድ ከእናታችን የወሰደችው ነው፤ እኔ እስካሁን የለኝም። መርካቶ ወፍራሙን፣ እጀታው የማይነቀነቀውን የት እንዳገኛችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሁለት ነው የምፈልገው፤ ጎረቤቴም ግዢልኝ ብላለች።