የዐውሎ ነፋስ ዐይን

ጃማይካ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ርዝመቷ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መካከሏ ተራራ፥ ዙሪያዋ ሁሉ ባሕር ነው። ምድሯ ለምለም ስለ ሆነ ሙዝና ኮኮናት፥ ቡናና ሸንኮራ አገዳ ይበቅልባታል። ነገር ግን የዚያ አገር ሰው በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ ሰማዩን በሥጋት እየተመለከተ ይኖራል። በእነዚህ ወራት ሀሪኬን የሚባል ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ከባሕር ይነሣልና።

በሜዳ ላይ አቧራና ገለባ አንሥቶ ሲሽከረከር የሚታየውን ትንሽ ዐውሎ የማያውቅ ልጅ የለም። እርሱ ግን ጥቂት ጊዜ ተሽከርክሮ ይጠፋል። ሀሪኬን እንደዚያ አይደለም። የሚወለደው በሞቃት ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ ውሃ በፀሐይ እጅግ በሞቀ ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንፋሎቱም ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል። በዚህ ሙቀት አየሩ አብልጦ ወደ ላይ ይወጣል፥ ከታችም ሌላ አየር ከየአቅጣጫው እየሮጠ በስፍራው ይተካል። ምድር ስለምትዞር የሚሮጠው አየር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። ስፋቱም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር ነው። ባሕሩ እስከ ሞቀለት ድረስ ብዙ ቀን ይጓዛል፤ ወደ ሰፊ የብስ በገባ ጊዜ ግን ምግቡ ተቋርጦበት ይደክማል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው መካከሉ ነው። በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል ነፋስ የሌለበት ጸጥ ያለ ክብ ስፍራ አለ፤ ስሙንም ዐይን ይሉታል። በዐይኑ ዳር የሚዞረው ነፋስ ግን ከሌላው ሁሉ የበረታ ነው። ዐይኑ በአንድ መንደር ላይ ሲያልፍ ነፋሱ በድንገት ይቆማል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ፊት ከመጣበት አቅጣጫ ሳይሆን ከተቃራኒው ወገን ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሰው በጸጥታው ይታለላል።

በዚህ ንባብ ውስጥ የሚገኘው የዓመት ቊጥር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1951 ቻርሊ የተባለ ሀሪኬን በጃማይካ ላይ ወርዶ ከ150 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ 37 ዓመት ሙሉ ሌሎች ሀሪኬኖች በአጠገብ እያለፉ ሄዱ እንጂ አንድ ስንኳ ደሴቲቱን በቀጥታ አልመታትም። በዚህ ዘመን የተወለዱት አድገው፥ አግብተው፥ ልጆች ወለዱ፤ ቻርሊንም የአሮጌ ሰው ወሬ አደረጉት።

በ1988 በሴፕቴምበር ወር ጊልበርት የሚል ስም የተሰጠው ሀሪኬን በባሕሩ ላይ ወደ ምዕራብ እየገሠገሠ መጣ። እሑድ ሴፕቴምበር 11 ቀን ሰዎች ሁሉ እንዲዘጋጁ በራድዮ ተነገረ። ያ ዕለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1981 ነበር፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ልጆች አበባ ይዘው እንቍጣጣሽ ሲሉ፥ የጃማይካ ልጆች ውሃ ይቀዱና ለአባቶቻቸው ምስማር ያቀብሉ ነበር።

ከዋናው ከተማ ከኪንግስተን ጥቂት ራቅ ብሎ፥ በአንድ ኮረብታ ጥግ፥ አንድ ቤተ ሰብ ይኖር ነበር። አያት፥ አባትና እናት፥ የ11 ዓመት ወንድ ልጅ፥ የ7 ዓመት ሴት ልጅና አንድ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበሩ። ቤታቸው ከሳንቃ የተሠራ፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ወንዱ ልጅ አንዲት ያረገዘች ፍየል ነበረችው። አባቱ ግልገል ሳለች ሰጥቶት ራሱ ያሳደጋት ናት፤ በምትወልደውም ግልገል ዋጋ የትምህርት ቤት ጫማ ሊገዛ አስቦ ነበር።

የራድዮው ወሬ በተሰማ ጊዜ የመንደሩ ጐልማሶች ሳቁ። «ከዚህ በፊትም ይመጣል ተብሎ አልመጣም» አሉ። አያቲቱ ግን አልተከራከሩም፤ ተነሥተው የውሃውን በርሜል ያጥቡ ጀመር።

ያን ቀን ሥራው ብዙ ነበር። እናትየው የሁለት ቀን እንጀራ የሚሆነውን ዳቦ ጋግራ ከደረቅ ዓሣ ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ዘጋችው። ፋኖሱን ጠርጋ ላምባ ሞላችው፤ ክብሪቱም እርጥበት እንዳይነካው በጠርሙስ አስገባችው። ሴቲቱ ልጅ በግቢው ያለውን ባልዲ፥ ዘነዘናና እንጨት ሁሉ ወደ ቤት አገባች። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቃ በነፋስ በተወሰደ ጊዜ እንደ ተወረወረ ጦር ሰው ይገድላል። አባትየው ደግሞ ወፍራም ገመድ በጣራው ላይ አሳልፎ ከሁለቱም ወገን ከታላላቅ ድንጋይ ጋር አሰረው።

ከሁሉ ያስቸገረው ሳንቃ ነበር። ነፋስ ጣራን የሚነቅለው ከውጭ በመግፋት ብቻ አይደለም። አንድ መስኮት ሰብሮ ከገባ በኋላ ከውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በትንፋሽ እንደ ተነፋ አቅማዳ ሆኖ ጣራው ይለቃል። ስለዚህ በየመስኮቱ ሳንቃ መምታት ይገባል። አባትየው በሰሜንና በምሥራቅ ያሉትን መስኮቶች ከመታ በኋላ ሳንቃው አለቀበት።

«የደቡቡስ?» አሉ አያቲቱ።

«እናቴ፥ ነፋሱ ከሰሜን ነው የሚመጣው። ሳንቃም የለንም።»

«ቻርሊም ከአንድ ወገን ጀምሮ በሌላው ወገን ጨርሷል። አልጋዬን ፍታው።»

«እርስዎን መሬት አስተኝቼ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ እንቢ አለ።

አያቲቱ መልስ አልሰጡም። ማታ ሁሉም ሲተኛ ፍራሻቸውን ወደ መሬት አወረዱ፥ የአልጋውን ርብራብ ሳንቃ አንድ በአንድ አውጥተው በደቡቡ መስኮት ሥር ደረደሩት፤ ከጓዳም 16 ምስማር ለቅመው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሰኞ ጧት ሰማዩ ጠቈረ፥ ዝናቡም ወርዶ ሳይሆን በጎን ተወርውሮ መጣ። ልጁ ፍየሊቱን ወደ ቤት ለማስገባት ለመነ፤ ቤቱ ግን ስድስት ሰው ከነዕቃው ይዞ መላወሻ አልነበረውም። ስለዚህ አባቱ ከቤቱ በላይ፥ ከውሃ ማጠራቀሚያው ግንብ ጀርባ አሰራት፤ ግንቡ የሰሜኑን ነፋስ ይከለክልላት ነበርና።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ነፋሱ በረታ። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ፉጨት፥ ኋላም እንደ ብዙ ባቡር ሆነ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች መነጋገር አልቻሉም። የጎረቤት ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲበር በስንጥቁ ታየ። የማንጎው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ውሃ በሳንቃው መካከል እየገባ ወለሉን አራሰው። እናትየው ልጆቹን ከጠረጴዛ በታች ሰብስባ ሕፃኑን በደረቷ ያዘች፤ አባትየው በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። አያቲቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ቊጥር አልታወቀም።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ በድንገት ተቈረጠ። ዝናቡ ቆመ፥ ሰማዩም ፈካ። ጆሮ ከጩኸቱ የተነሣ ደንቁሮ ነበርና ጸጥታው ራሱ ያስፈራ ነበር። ጐልማሶቹ ከየቤታቸው ወጡ፤ አንዱ «አለፈ! አለፈ!» እያለ የወደቀ ቆርቆሮ ይለቅም ጀመር፤ ሌላውም ጣራውን ሊጠግን መሰላል አቆመ።

አባትየው በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል አያቲቱ የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱና ምስማሮቹን በእጁ አፈሰሱለት።

«ዐይኑ ነው» አሉት። «አሁን ከደቡብ ይመለሳል።»

እርሱም በመስኮቱ ሥር የተደረደረውን ሳንቃ ተመለከተ፤ ምንም ሳይናገር መዶሻውን አነሣ። እናትየው ሕፃኑን ለአያቲቱ ሰጥታ ሳንቃ ትይዝለት ጀመር።

በዚያ ጸጥታ ልጁ የፍየሉን ጩኸት ሰማ። በሕይወት አለች፤ ነገር ግን ነፋሱ ከደቡብ ከመጣ ግንቡ አይከልላትም። ሮጦ ከበሩ ሲደርስ ወደ ታች ተመለከተ፤ ብቻቸውን የሚኖሩት ዐይነ ደካማው ሽማግሌ ጎረቤታቸው ጣራ በሌለው ቤት ውስጥ ቆመው፥ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ በሩን ሲፈልጉ አየ።

«እሜቴ» አለ፥ «ፍየሌን ላምጣት?»

አያቲቱ ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። «ለሁለቱ ጊዜ አይበቃህም» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጅን በዚያ ሰዓት ከቤት ማስወጣት የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ነገር ግን እጁ ባዶ የሆነ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም።

ልጁ ጥቂት ቆመ። ከዚያም ወደ ታች ሮጠ።

ሽማግሌው በትራቸው ጠፍቷቸው ነበርና እጃቸውን በትከሻው ላይ አድርጎ ይመራቸው ጀመር። መንገዱ በቅርንጫፍና በጭቃ ተሞልቶ ነበር፤ እርሳቸውም እግራቸውን ሳይዳስሱ አያነሡም። ፍየሊቱ ያለማቋረጥ ትጮኽ ነበር።

«ልጄ፥ ፍየል ትጮኻለች» አሉ ሽማግሌው።

«አዎን፥ ሰምቻለሁ» አለ።

በበሩ ሲገቡ አባትየው የመጨረሻውን ምስማር ይመታ ነበር። ያን ጊዜ ከባሕሩ ወገን ጩኸት ተሰማ፥ ብርሃኑም ጠፋ። ጸጥታው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። መሰላል ያቆመው ጐልማሳ ከመሰላሉ ዘሎ ወርዶ በሆዱ እየተሳበ ቤቱ ገባ።

ነፋሱ እንደ ተባለው ከደቡብ መጣ። የአልጋው ሳንቃ ተንቀጠቀጠ፥ ነገር ግን አልለቀቀም። ከጣራው ማዕዘን አንድ ቆርቆሮ ተነሥቶ ሄደ፤ የቀረውን ገመዱ ያዘው። ሰባቱም ሰዎች ጨለማው እስኪመጣ ድረስ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ተቀመጡ፤ ሽማግሌውም ሴቲቱን ልጅ በካፖርታቸው ሸፍነዋት ነበር።

ጊልበርት ደሴቲቱን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ ረግጦ ሄደ። በጃማይካ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ እጅግ ብዙ ቤት ጣራውን አጣ፤ የሙዙ ተክል ሁሉ በምድር ላይ ተነጠፈ። በማግሥቱም በባሕሩ ላይ ይበልጥ በረታ። በሀሪኬን መካከል የአየሩ ግፊት ባነሰ መጠን ነፋሱ ይበረታል፤ በጊልበርት መካከል 888 ሚሊባር ተለካ። በአትላንቲክ ወገን በ2005 ዊልማ የተባለው እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ያነሰ አልተለካም። ብዙ ጥፋት ያደረሰ የሀሪኬን ስም ሁለተኛ ለሌላ አይሰጥምና፥ ጊልበርት የሚለውም ስም ከመዝገቡ ወጣ።

ማክሰኞ ጧት ልጁ ወደ ግንቡ ወጣ። ፍየሊቱ አልነበረችም። ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በየሸለቆው ፈለጋት፤ ሽማግሌውም በአዲስ በትር እየተደገፉ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ ይከተሉትና ጩኸት ይሰሙ እንደ ሆነ ጆሯቸውን ያዘነብሉ ነበር። በስድስተኛው ቀን በወደቀ ዛፍ ሥር ገመዷን ብቻ አገኘ።

ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤት አመጣው። አባቱ በዚያን ሰዓት በሽማግሌው ቤት ላይ የተሰበሰበውን ቆርቆሮ ይመታ ነበር፤ ገመድም አጥሮት ነበር። ልጁ መሰላሉን ወጥቶ የያዘውን አቀበለው።