የላዳ ሞተርና የእሳቱ ሰዓት

ለሁሉም ጊዜ አለው። ዘር ከቀደመ ወፍ ይለቅመዋል፤ ከዘገየ ውርጭ ይመታዋል። የመኪና ሞተርም እንደዚሁ ነው። እሳት የሚያገኝበት የራሱ ሰዓት አለው። ይህ ሰዓት ሲዛባ ጤነኛው ሞተር የታመመ ይመስላል። እኔ ይህን ያወቅሁት በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ አካባቢ፣ ላዳ ስጠግን ነው።

አዲስ አበባን ያየ ሰው ላዳን ያውቃል። ለብዙ ዓመት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለች ትንሽ መኪና ናት። የተሠራችው በሶቭየት ኅብረት፣ ቶሊያቲ በምትባል ከተማ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1962 ዓ.ም. ነው። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ዛሬ ቁጥሯ ተመናምኗል።

በ2005 ዓ.ም. አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ባለቤታቸው ሞተው የቀረላቸው ሀብት አንዲት ላዳ ነበረች። ልጃቸው ይነዳታል፤ ስድስት ነፍስ ከእሷ ይበላል። መኪናዋ ዳገት አልወጣ አለች። ቶሎ ትሞቃለች፤ ቤንዚን ትጨርሳለች። አንድ ጋራዥ፣ «ፒስተኑ አልቋል፤ ሞተሩ ይወረድ» ብሎ ዋጋውን በወረቀት ጻፈላቸው። ገንዘቡ የዓመት ገቢያቸውን የሚበላ ነበር። መኪናዋን በብረት ዋጋ ለመሸጥ እያሰቡ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነው» አሉኝ። «ይህን ወረቀት ግን አንብቤዋለሁ። የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ተጽፏል። ምን ተመርምሮ ምን እንደ ተገኘ ግን አልተጻፈም።»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ። መጀመሪያ እንመርምር» አልኳቸው።

የሞተሩ ሥራ እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን ይወጣል፤ ይወርዳል። ሲወጣ ቤንዚንና አየርን ያምቃል። በዚያን ጊዜ ካንዴላ እሳት ይረጫል። ቤንዚኑ ነድዶ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። ነገር ግን ቤንዚን ለመንደድ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እሳቱ የሚረጨው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ ስትገፉ አስቡት። ልጁ ገና ወደ እናንተ ሲመጣ ብትገፉት እጃችሁን ይመታል። ከሄደ በኋላ ብትገፉት አየር ትገፋላችሁ። እሳቱም ከቀደመ ሞተሩ ዳገት ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ፒስተንም ይጎዳል። ከዘገየ ጉልበት ያጣል፤ ይሞቃል፤ ቤንዚን ያባክናል። የእኚያ እናት መኪና ምልክት ይህ ሁለተኛው ነበር።

መጀመሪያ የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ ለካሁ። አራቱም ደህና ነበሩ። እንግዲያው ፒስተኑ አላለቀም። ካንዴላዎቹንም አየሁ፤ ደህና ናቸው። ቀጥሎ ዲስትሪቢዩተሩን ከፈትኩ። ይህ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዕቃ ነው። በውስጡ ኮንታክት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ። ሲላቀቁ እሳት ይወለዳል። ሲላቀቁ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። በእኚያ እናት መኪና ግን ኮንታክቱን የሚያነሣው ጫፍ በመፋተግ አልቆ ክፍተቱ ጠብቧል። ክፍተቱ ሲጠብ ኮንታክቱ ዘግይቶ ይላቀቃል። እሳቱም ይዘገያል። በሽታው ተገኘ።

አዲስ ኮንታክት ገጠምንና ክፍተቱን ለካን። ሰዓቱ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ሥራው ይበላሻል።

ቁልፉን ዘግተን ሞተሩን በማኖቬላ በእጅ አዞርን። በአንደኛው ካንዴላ ቀዳዳ ላይ ያደረግሁትን አውራ ጣት አየሩ ሲገፋው ቀስ አልን። በሞተሩ ፊት ሦስት ጭረቶች አሉ። የ10፣ የ5 እና የ0 ዲግሪ ምልክቶች ናቸው፤ ረጅሙ 0 ነው። የሚሽከረከረውን ክብ ብረት ምልክት ከመካከለኛው ጭረት፣ ከ5 ዲግሪው ጋር አገጣጠምን። ከዚያ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ወሰድን። አንዱን ሽቦ ከቦቢና ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው መስመር፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አሰርን። ቁልፉን ከፈትን። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልተን በቀስታ አዞርነው። አምፖሉ ጠፋ። መልሰን ስናዞረው በራ። የእሳቱ ሰዓት አምፖሉ ልክ የሚበራበት ቦታ ነው። እዚያው ላይ አጥብቀን አሰርነው።

ሞተሩ ሲሞቅ በሜዳ መንገድ ሞከርናት። በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድን ቤንዚኑን ረገጥ አደረግነው። ጥቂት ቀጭ ብላ ዝም አለች። ልኩ ይህ ነው። ዳገቱንም ወጣችው። ወጪው የአንድ ኮንታክት ዋጋና የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ላዳዋ አልተሸጠችም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከፍ ያለች አገር ናት፤ አየሯ ሳሳ ይላል። አዳማ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሰዓቷ ለአዲስ አበባ ቀደም ተደርጎ የተሞላ መኪና አዳማ ሲወርድ ቀጭ ቀጭ ሊል ይችላል። ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ሰዓቱ ትንሽ ዘግየት ይደረግለት።

በናፍታ የሚሠራ የወፍጮ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። የእሱ ሰዓት ናፍታው የሚረጭበት ጊዜ ነው። በአዲሶቹ መኪኖችም ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ይሠራዋል።

ውድ አንባቢ፣ የመኪና፣ የወፍጮ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ቢበላሽብህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ምን ተመረመረ? ምን ተገኘ? የሚቀየረው ዕቃ ለምን ይቀየራል? መልሱን አጽፈህ አንብበው። የተጻፈ ነገር አይካድም።