የጠፋው ሻንጣ እና የኛ ጥፋት



ዐረፋ ሲቃረብ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚገባው ሰው ብዛት ለሁላችንም የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባም ከዐረብ አገርም የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ዛሬ የምንጽፈው ግን እጇ ሞልቶ ተነስታ ባዶ እጇን ቤቷ ስለገባች አንዲት እህታችን ነው። ስለሷ ስንጽፍ የራሳችንንም ጥፋት አብረን እንናገራለን። ጥፋትን መደበቅ ሌላ ጥፋት ነውና።

እህታችን ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ለዐረፋ ወደ ቡታጅራ ልትመጣ ስትነሳ ርካሽ ትኬት አገኘች፤ የውጭ አየር መንገድ ነው፣ መሀል አገር ላይ አውሮፕላን ያስቀይራል። ስሙን አናነሳም፤ ዓላማችን ሐቅ እንጂ ስም ማጥፋት አይደለም። ድርጅቱ ችግር ላይ እንደነበር ሁኔታው ይናገር ነበር። በረራው አንዴ ተሰረዘ፣ ሁለቴ ቀኑ ተቀየረ፣ ስልኩን የሚያነሳ አልነበረም። ቦሌ ስትደርስ ካስረከበቻቸው ሁለት ሻንጣዎች አንዱም አልመጣም። ተሽከርካሪው ማሽን እስኪቆም ጠበቀች። አንድ ወረቀት ሰጥተው «ነገ ይደርሳል፣ እንደውላለን» አሏት። ሊቀበላት የሄደው ወንድሟ በእጅ ቦርሳና በአንዲት ወረቀት ብቻ ይዟት ተመለሰ።

ሻንጣው ውስጥ የነበረው የሷ ዕቃ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ጅዳ ያሉ አምስት ጓደኞቿ ለየቤተሰባቸው የላኩት አማና ነበረበት፤ የእናት ቀሚስ፣ የመስገጃ ምንጣፍ፣ ሽቶ፣ የልጆች ልብስ። አንዲት የወልቂጤ እናታችን ደግሞ በዘምዘም የተነከረ ከፈን አስልከው ነበር።

ቀናት አለፉ። ስልክ ሲደወል አይነሳም፤ ሲነሳም መልሱ «እየተፈለገ ነው» ነው። ከቡታጅራ ቦሌ ድረስ ሄዶ ለመጠየቅ ደርሶ መልስ የትራንስፖርት ብርና አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ወንድሟ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ «በስልክ ጠይቁ» ብለው መለሱት። በዚህ መሀል የአማናው ባለቤቶች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ «አይዞሽ» ይሉ ነበር። ቆየት ብሎ ግን «ሸጣው ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። ስድስት ዓመት ሙሉ ላቧን አፍስሳ የመጣች ልጅ ገበያ መውጣት አፈረች።

ቤተሰቦቿ ወደ መስጂድ ይዘዋት መጡ። እኛም የኢማሙ ረዳቶች ብዙ ጊዜ የምንለውን አልናት፦ «ሶብር አድርጊ፣ ቀደር ነው፣ ዱንያ ናት።» በ16ኛው ቀን አንደኛው ሻንጣ ዚፑ ተበጥሶ፣ ግማሹ ዕቃ ጎድሎ ሲመጣም «አልሐምዱሊላህ በይ፣ ይህም አልቀረ» ብለን ሸኘናት። እሷ ግን ከበሩ ተመልሳ እንዲህ አለችን፦

«ኡስታዝ፣ በራሴ ዕቃስ ሶብር ላድርግ። በሰው አማና ላይ ሶብር የማድረግ መብት አለኝ እንዴ?»

መልስ አልነበረንም። ሌሊቱን ኪታብ ገለጥን፣ ጠዋት ሸኻችን ዘንድ ቀረብን።

ሸኻችን ነገሩን ለሁለት ከፈሉልን። የመጀመሪያው የእህታችን ጉዳይ ነው። አማና የተቀበለ ሰው ሳያጠፋና ችላ ሳይል ዕቃው ቢጠፋበት ካሳ የለበትም። እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ ዕቃውን በሚያስቀምጥበት አስቀምጣ፣ ሰው ሁሉ በሚጓዝበት ነው የተጓዘችው። ከዐስር ሶላት በኋላ ባለቤቶቹን ሰብስበው ይህንኑ ነገሯቸው። የከፈኑ ባለቤት እናታችን ቀድመው «ልጄ፣ ጨርቁ ቢጠፋ ቀብሩ አይጠፋብኝም፤ ዐፉ ብያለሁ» አሉ። የተቀየመው ሁሉ በሳቅ ተፈታ።

ሁለተኛው የአየር መንገዱ ጉዳይ ነው። ዋጋ ተቀብሎ የብዙ ሰው ዕቃ የሚያጓጉዝ ሠራተኛ በፊቅህ «አጂር ሙሽተረክ» ይባላል። አቡ ሐኒፋ ዕቃው ያለሱ ድርጊት ከጠፋ አይጠየቅም ሲሉ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ልንከላከለው በማንችለው አደጋ፣ ለምሳሌ በሰፊ ቃጠሎ፣ ካልጠፋ በቀር ይጠየቃል ብለዋል። ዐሊይም (ረ.ዐ.) ለሰው ጥቅም ሲሉ የእጅ ባለሙያዎችን በተረከቡት ዕቃ ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ሸኻችን ይህን ካስረዱን በኋላ አንድ ታሪክ አስታወሱን። አንድ ሰው ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳውን በሻካራ ቃል ሲጠይቃቸው ሶሓቦች ሊቆጡት ተነሱ፤ እሳቸው ግን ባለሐቅ የመናገር መብት አለው ብለው አስቆሟቸው። እኛ እህታችንን ዝም በይ ያልናት ነብያችን ተናገር ባሉበት ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ፈለግን። በፈረንጆች 1999 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመ፣ ኢትዮጵያም ሳውዲም አባል የሆኑበት ስምምነት አለ። ሻንጣ ሊደርስ ከሚገባው ቀን አንስቶ 21 ቀን ካለፈው መንገደኛው እንደ ጠፋ ቆጥሮ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ተጎድቶ ለመጣ ሻንጣ አቤቱታው በጽሑፍ የሚቀርበው በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን። ክስ ለመመስረት የሁለት ዓመት ጊዜ አለ። የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ል. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ይህ ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚከፈል አይደለም፤ የጠፋውን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ይህን ስናውቅ የተጎዳው ሻንጣ ከመጣ 11ኛው ቀን ነበር። ሰባቱ ቀን በኛ «አልሐምዱሊላህ በይ» አልፏል። ለጎደለው ዕቃ የጻፍነው አቤቱታ ጊዜው አልፏል ተብሎ ተመለሰ። ላልመጣው ሻንጣ ግን ዕቃውን በዝርዝር፣ ከትኬቱና ከሻንጣው ቁጥር ጋር ጽፈን ላክን። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የዕቃውን ግማሽ የማይሞላ ገንዘብ ከፈሉ። እህታችን ዕዳ እንደሌለባት ተነግሯትም ከተከፈላት ላይ መጀመሪያ የሰጠችው ለአማና ባለቤቶቹ ነው። በርሷ ፊት አፈርን።

ስለዚህ ተጓዦች ሆይ፣ ከኛ ስህተት ተማሩ፦

ሻንጣችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ውጩንም ውስጡንም ፎቶ አንሱ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወደቀ ዕቃ ሲጠየቁ መያዣውንና ማሰሪያውን ለይቶ ማወቅን አዘዋል፤ የሻንጣ ምልክት ጥበብ ከዚህ ይጀምራል። ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ውስጥም አስቀምጡ፣ የቆየ ታግ ላጡ። ወርቅ፣ ገንዘብና መድኃኒት ከእጃችሁ አይለይ። አማና ስትቀበሉ ከፍታችሁ እዩ፣ በዝርዝር ጻፉ፤ ያላያችሁትን የታሸገ ዕቃ አትሸከሙ። ሻንጣ ካልመጣ ወይም ከተጎዳ ሪፖርት ሳታስመዘግቡና ቁጥሩን ሳትይዙ ከአዳራሹ አትውጡ፣ ከዚያም በጽሑፍ ጠይቁ።

የሰው ዕቃ የምትረከቡ ወንድሞች ሆይ! በአውሮፕላን ጣቢያም ሁኑ በመናኸሪያ፣ እናንተ 23 ኪሎ ብላችሁ የምትመዝኑት ሻንጣ የአንድ ሰው ስድስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ድርጅት ሊከስር፣ አውሮፕላን ሊዘገይ ይችላል፤ እውነቱን ለባለቤቱ መንገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ የተበደለ ሰው ወደ መስጂድ ሲመጣ «ሶብር አድርግ» ከማለታችን በፊት «ቀኑ መቼ ያልፋል?» ብለን እንጠይቃለን። ሶብር ሐቅን እየጠየቁ አለመንገብገብ ነው እንጂ ሐቅን መተው አይደለም።

አላህ የተጓዦቻችንን መንገድ ያግራ፣ አማናን የሚጠብቁ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።